አየርላንድን የተማርኩበት ዳስ

ሥራ ከተውኩ ወዲህ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ጠዋት ነጠላዬን ደረብ አድርጌ ወደ በሩ እሄዳለሁ። በሩ ጋ ስደርስ የምሄድበት ቦታ እንደሌለ ትዝ ይለኛል፤ ቢሆንም እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ጀልባዎቹ ሲገቡ አያለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የማላውቃትን ሴት እየተከተልኩ፣ ያዘለችው ሕፃን አንገቱን ችሎ እንደሆነ ለማየት ብቻ፣ የቡሹሎን መንገድ ግማሹን እጨርሰዋለሁ። ልጆቼ "እማዬ፣ አሁንስ እረፊ እንጂ" ይሉኛል። አላርፍ ያለው እግሬ ነው እንጂ እኔ እኮ አርፌያለሁ እላለሁ።

በቀደም የልጅ ልጄ ከሥራ መጣች። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ነው የምትሠራው። "እማማ፣ ከአየርላንድ እንግዶች ይመጣሉ ተብለናል። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አለችኝ። እንዲያው ለጨዋታ ነው የጠየቀችኝ፤ ስልኳ ይነግራት ነበር። እኔ ግን ጀመርኩላት። ስለ ድንጋይ አጥሩ፣ ስለሚነደው አፈር፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ሾርባው። ሾርባው ጋ ስደርስ ግን፣ "እሺ ከዚያስ?" ስትለኝ ልብስ ከገመድ ላይ ላውርድ ብዬ ተነሳሁ። ልብስ ግን አልተሰጣም ነበር።

አየርላንድን አይቻት አላውቅም። የማውቃት እዚህ ሐዋሳ፣ ከአጣናና ከሸራ በተሠራ ዳስ ውስጥ፣ ወተት እየበጠበጥኩ ነው። ያስተማረችኝም አንዲት መነኩሲት ናት፤ ሲስተር ኖራ እንላት ነበር።

እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። እናቴን ተከትዬ ገበያ ለገበያ ስዞር ነው ያደግሁት። ኋላም ራሴ ቅቤ ይዤ ሶዶ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ ስል አራት ቋንቋ በጆሮዬ ገባ። ወላይትኛውን ከእናቴ፣ ኦሮምኛውን ከሻሸመኔ ገበያ፣ ሲዳምኛውን ከደንበኞቼ፣ አማርኛውን ከሁሉም አገኘሁት። ፊደል የለየሁት ደርግ ከመጣ በኋላ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ እንደኔ ካሉ የልጆች እናቶች ጋር። እስካሁን ስጽፍ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ይህንንም ስጽፍ እንደዚያው ነኝ።

ከከተማው ወጣ ብላ መነኮሳት የሚያስተዳድሯት አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ስሟን ልተወው። ልጄን ትኩሳት ይዞት ወስጄው ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ አንዲት የሲዳማ ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። አማርኛ አትችልም። የሚያክሟት ጡቷ የደረቀባት መስሏቸው ስለ ምግብ ይመክሯታል፤ እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። ጡቷ ሞልቷል፤ ልጁ ነው አፉ ቆስሎ መጥባት ያቃተው። ለሦስት ቀን የጠየቃት ሰው ስላልነበረ አልተናገረችም።

ረጅሟ፣ አጥንታሟ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሆነው ፈረንጅ፣ ኖራ፣ ዞር ብላ አየችኝ።

"አንቺ ማን ነሽ?"

"ቅቤ ሻጭ ነኝ።"

"ነገ ቅቤውን ትተሽ ነይ" አለችኝ።

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ግን አይዘገይም። አስተርጓሚ ተብዬ ገባሁ፤ ቀስ በቀስ መዛኝም፣ አጣቢም፣ ወተት በጥባጭም ሆንኩ። መጀመሪያ አንቱ ስላት "አስቴር፣ አንቱ ስትዪኝ ከኋላዬ አሮጊት የቆመች መስሎኝ እዞራለሁ" ብላ ከለከለችኝ።

አሁን ስለ እሷ አሠራር ልንገራችሁ፤ ብዙው ነገሬ ከዚያ የመጣ ነውና።

ኖራ ሰው ለምግብ ቆሞ እንዲሰለፍ አትፈቅድም ነበር። እናቶቹ ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ፤ ወተቱን ይዘን የምንዞረው እኛ ነን። ከእያንዳንዱ ድስት መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች። ሻይዋን እንደ ሬት እስኪመር አጥቁራ፣ ወተት ጨምራበት፣ በቆርቆሮ ኩባያ ትቀዳና የሆነ ቦታ ትረሳዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ሦስት አራት የቀዘቀዘ ኩባያ ከየመስኮቱ እንሰበስባለን። ደግሞ አንድ ነገር ነበራት። ወደ መመገቢያው ዳስ ስትገባ ያንገቷን መስቀል ወደ ልብሷ ውስጥ ትከተዋለች። ስትወጣ ታወጣዋለች። ወተት እንዳይነካው ነው ብዬ አስብ ነበር።

ወተቱንም እሷ ናት ያስተማረችኝ። ዱቄት ወተቱንና ስኳሩን ደረቁን ታዋህጃለሽ። ከዚያ ዘይቱን ጨምረሽ እንደ ጭቃ እስኪሆን በእንጨት ማንኪያ ታሺዋለሽ። ከዚያ በኋላ ነው ፈልቶ ለብ ያለውን ውሃ ጠብ ጠብ የምታደርጊው። የቸኮለ ሰው ውሃውን ባንዴ ይደፋዋል። ያኔ ዘይቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፍና መጀመሪያ የተቀዳለት ልጅ ዘይት ጠጥቶ ያስቀምጠዋል፤ መጨረሻ የተቀዳለት ውሃ ይጠጣል። በጣም ለተራበ ልጅ ደግሞ ብዙ አይሰጥም። ትንሽ ትንሽ፣ በየሰዓቱ ነው። ባንዴ ያጠገብሽው ልጅ በእጅሽ ላይ ይሞታል። እናቶቹ ይህን ስለማያውቁ ስስታም ይሉኛል፤ አንዷማ "ከሆድሽ ነው እንዴ የምትቀጂው!" ብላኛለች። የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣት ተጫኚ፤ ጣትሽን ስታነሺ ጉድጓዱ ከቀረ ያበጠ ነው፤ ወፈረ ብለሽ እንዳትሸወጂ። መዳን ሲጀምር ግን ሚዛኑ ሳያውቀው አንቺ ታውቂያለሽ። ልጁ ፈገግ ይላል። ኖራ ካርዱ ላይ ከክብደቱ ቀድማ እሱን ነበር የምታስጽፈኝ። "ሳቀ" ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ ብዙ ቃል መጻፍ አልችልም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ወተቱን ስንበጠብጥ ነበር ስለ አገሯ የምታወራን። እኛ ማለት እኔና ዘበኛው ጋሽ ሸምሱ ነን። ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ሱቅ ነበረው፣ በኋላ ዘበኛ ሆነ፤ ነጋዴነቱ ግን አልለቀቀውም፤ የተነገረውን ሁሉ ሳይከራከር አይገዛም።

"አገርሽ ምን ትመስላለች?" አላት አንድ ቀን።

ኖራ ጎንበስ ብላ በጣቷ አሸዋው ላይ ክብ አበጀች። "ይሄ የሐዋሳ ሐይቅ ነው እንበል። መሀሉ ውሃ፣ ዙሪያው መሬት። አሁን ገልብጠው። መሀሉ መሬት፣ ዙሪያው ውሃ። የኔ አገር ያ ነው።"

ዛፍ ብዙም የለም አለችን፤ ተቆርጦ አልቋል። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ እርሻው እንደ መሀረብ ትንንሽ ሆኖ በድንጋይ አጥር የተከፋፈለ። አጥሩን ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው ነው የሚሠሩት፤ ነፋሱ በቀዳዳው እንዲያልፍ። ዝናብ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ዝናብ አለ። እዚህ ክረምት ሲወርድብን እኛ ጣራ ስር ስንሮጥ እሷ ግቢው መሀል ቆማ "ይሄ እኮ ገና ሊዘንብ ነው" ትል ነበር። ለማገዶ ደግሞ ረግረጉን እንደ ጡብ ቆርጠው፣ አድርቀው ያነዱታል።

"ምኑን?" አለ ጋሽ ሸምሱ።

"አፈሩን። መሬቱን።"

"መሬቱ ይነዳል?"

"ይነዳል።"

"ታዲያ አገሩ ለምን አይቃጠልም?"

"እርጥብ ነዋ!"

"እርጥብ ከሆነ እንዴት ይነዳል?" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አስቴር፣ ይህቺ ሴትዮ እኛን የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ፈረንጅ አደረገችን።"

የድንቹን ታሪክ የነገረችን ሰው መምጣት ሲበዛ ነው። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነበር። እኛ ደቡብ ነን፣ እንሰት አለን፣ ረሃብ የሰሜን ነው የሚሉ ነበሩ። እንሰቱ ግን ያልደረሰው ሳይቀር ተቆርጦ ተበላና አለቀ። ከወላይታም፣ ከሲዳማም፣ ከአርሲ በኩልም ልጅ ያዘሉ ሴቶች መጡ። ዳሱ የተተከለው ያኔ ነው።

በእሷ አገር ድሃው ድንች ብቻ ነበር የሚበላው አለችን። መሬቱ የጌቶች ነው፤ ጌቶቹም ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ ነው የሚኖሩት። ገበሬው ስንዴውን ለኪራይ ይሰጣል፤ ለራሱ ከጎጆው ጓሮ ድንች ይተክላል።

"ቆይ፣ ጭሰኛ ነበሩ ነው የምትዪን?" አለ ጋሽ ሸምሱ።

"አዎ።"

"ነጭ ጭሰኛ አለ?"

"የኔ ቤተሰብ በሙሉ" አለች ኖራ።

ጋሽ ሸምሱ ያን ቀን አልተከራከረም።

ከዚያ በሽታ መጣ። ማታ አረንጓዴ የነበረው ቅጠል ጠዋት ጠቁሮ ታየ። ሲቆፍሩት ድንቹ መሬት ውስጥ በስብሷል፤ ሽታው ከመንደር መንደር ይሰማል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት። ሰው በየመንገዱ ዳር ሣር በልቶ፣ አፉ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። እህል የጫኑ መርከቦች ግን በወታደር እየተጠበቁ ከአገሩ ይወጡ ነበር። ኪራይ ያልከፈለው ጎጆው በላዩ ላይ ይፈርሳል። የቻለ በመርከብ ተሰደደ፤ ብዙ ሰው ባሕር ላይ ቀረ።

"ዙሪያው ውሃ ነው አላልሽም? ዓሣ አልነበረም?" አለ ጋሽ ሸምሱ።

"ጀልባቸውን ሸጠው በልተውት ነበር። መረባቸውንም" አለች።

እኔ ስለ ራሳችን አሰብኩ። ሐይቁ እዚህ ነው፤ ከዳሱ ወጥተሽ ብታዪ ይታያል። ዳሱ ውስጥ ካሉት እናቶች ግማሾቹ ግን ከብት አርቢ ናቸው፤ ዓሣ ምግብ ነው ብትያቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ራበኝ ብሎ ሰው ሌላ ሰው አይሆንም።

ሌላም ሌላም ነገረችን። ትምህርት ቤት ከእንግሊዝኛ ይልቅ በገዛ ቋንቋው የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበትና በተናገረ ቁጥር እንጨቱ ላይ ምልክት ይቆረጣል፤ ማታ በምልክቱ ልክ ይገረፋል። የወንድሜ ልጅ ወላይትኛ ተናገርክ ተብሎ ትምህርት ቤት የተንበረከከው ትዝ አለኝና "እንጨቱ ብቻ ነው የጎደለን" አልኳት። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ፣ በአገሯ ብርድ ሊያልፍ ሲል፣ ከሐይቁ ዳር ደንገል አስቆርጣ በአራት ማዕዘን የምትጎነጉነው መስቀል ነበራት። ብሪጅድ የምትባል፣ ላሞችና ድሆች የምትወድ ቅድስት ነበረቻቸው አሉ። ኖራ ያንን መስቀል ከመኝታ ክፍሏ በር በላይ ትሰቅለዋለች። ዳሱ ውስጥ ሰቅላው አታውቅም።

አሁን ሳልፈልግም ወደምነግራችሁ ነገር ደረስኩ።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ያን ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር። የታሰሩ ነበሩ። እኛ ሴቶቹ ለቅሶ የምንደርስ መስለን ሁለት ሦስት ሆነን እየተቀመጥን፣ ከንፈራችን ሳይንቀሳቀስ እንጸልይ ነበር። ድምፄን አውጥቼ እግዚአብሔርን ከጠራሁ ዓመታት አልፈዋል። ይህን የምላችሁ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም እንደሆነ እንጃ።

ኖራ ወተትና ዘይት ልታመጣ ሁለት ቀን ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ዳሱን ለእኔ ተወችው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። በዚያ ሳምንት ሦስት ልጆች ሞተውብን ነበር፤ ሰሌኑ ላይ የተቀመጡት እናቶች ፊት ጨልሟል። ወተቱን በጠበጥኩ፣ አወረድኩት፣ ጭልፋውን አነሳሁ። ከዚያ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ "ቆዩ፣ እንጸልይ" አልኩ። በወላይትኛ ጸለይኩ፣ በሲዳምኛ ጸለይኩ፣ በኦሮምኛ ጸለይኩ። ድምፄ ወጣ። እንባዬም ወጣ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። "በኢየሱስ ስም" ብዬ ጨረስኩና "አሜን በሉ" አልኳቸው። ጭልፋውን ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ።

አሜን አሉ። አንዷ ብቻ ዝም አለች። መርየማ ትባላለች፤ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ወዲያ፣ ከአርሲ በኩል የመጣች እስላም ናት። ልጇ ከድር ሁለት ዓመት አልሞላውም። እግሩ አብጦ ነበር፤ ከእኛ ጋር አምስት ቀን ሆኖት እብጠቱ መጉደል ጀምሯል።

"ምን ልበል?" አለችኝ በኦሮምኛ።

"አሜን ብቻ በይ፣ እህቴ" አልኳት ፈገግ ብዬ።

ጭልፋውን አየችው። እኔን አየችኝ። ነጠላዋን አጠበቀች፣ ልጇን አዘለች፣ ወጣች። ልጇን ልታጸዳዳው ነው ብዬ ለሌሎቹ ቀዳሁ። ከሰዓት ሰሌኑን ሳነሳ፣ ልጆቹ እጅ ላይ የምናስርላቸው የፕላስቲክ አምባር በጥርስ ተበጥሶ፣ እሷ በተቀመጠችበት ቦታ ተቀምጧል።

እሑድ አልመጣችም። ሰኞ ኖራ ተመለሰች። ካርዶቹን አንድ ባንድ አየች።

"ከድር የት አለ?"

"እናቱ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች" አልኩ።

"ለምን?"

"እንጃ።"

ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አላየኝም፤ ወደ ሐይቁ እያየ "ንገሪያት እንጂ አስቴር" አለ።

ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። የወተቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ እኮ ሃይማኖትሽን ለውጪ አላልኳትም" አልኩ።

"አላልሽም። ጭልፋው ነው ያላት።"

ከዚያ የሾርባውን ታሪክ ነገረችኝ። በዚያ በድንቹ ረሃብ ጊዜ ሾርባ የሚያድሉ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ምንም ሳይጠይቁ አበሉ። አንዳንዶቹ ግን ጭልፋውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። እምነትህን ተው፣ ልጆችህን ወደኛ ትምህርት ቤት ላክ፣ ከዚያ ብላ። የኖራ አያት እናት እህት ነበረቻት። ሁለቱም ልጆች ነበሯቸው። አንዷ እምቢ አለች፤ ከነልጆቿ መንገድ ዳር ተገኘች። አንዷ ጠጣች፤ ልጆቿም ኖሩ።

"ረሃቡ ሲያልፍ ወደ ድሮ እምነቷ ተመለሰች" አለች ኖራ። "ግን ማን ይረሳላታል? ልጇ፣ ማለት አያቴ፣ ገበያ ስትሄድ ልጆች ከኋላዋ ማንኪያ ያንኳኩባት ነበር። ሾርባ የጠጡት ቤት እንባላለን። እኔ ስወለድ የጠጣችዋም የሰጧትም ሞተዋል፤ ስሙ ግን ቤታችን ውስጥ ነበር። አስቴር፣ እኔ የጠጣችዋ ዘር ነኝ። ባትጠጣ እኔ የለሁም። በመጠጣቷ ግን አንድም ቀን ሳናፍር አልዋልንም።"

መስቀሏን ለምን እንደምትከት ያኔ ገባኝ። ስንት ዓመት አብሬያት ስሠራ አንድ ቀን እንኳን ጠይቄያት አላውቅም።

"ጸሎትሽ አይደለም ያሳዘነኝ" አለችኝ። "መጸለይሽን እወዳለሁ። ጭልፋውን ይዘሽ መጠበቅሽ ነው።"

"ልሂድና ወተት ወስጄ ይቅርታ ልጠይቃት" ብዬ ተነሳሁ።

"አይሆንም" አለች። "ወተት በእጅሽ ይዘሽ ይቅርታ አትጠይቂ፤ ያው ጭልፋው ነው። ወተቱን ሸምሱ ይዞ ይቅደም። ምንም ሳይናገር ይስጣት። አንቺ ባዶ እጅሽን ተከተዪ። ልጁ ከጠጣ በኋላ ነው አፍሽን የምትከፍቺው።"

የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለምን እንደምንሄድ ሲጠይቀን እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ ዳሱ ውስጥ ተጸለየ የሚል ወሬ ጆሮው ቢገባ ዳሱም እኔም አንተርፍም ነበር። ጋሽ ሸምሱ ቀደመኝ።

"የእህቴን ልጅ ልንጠይቅ ነው ጓድ።"

"ይህቺስ?"

"እሷ ሳትጠራ የማትሄድበት ቤት የለም፤ መከልከል ከቻልክ ከልክላት።"

ሰውየው ስቆ ማኅተሙን መታ።

መርየማን ያገኘናት ማክሰኞ፣ ከባሏ ወንድም ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ከድር ጭኗ ላይ ነው፤ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ዝንብ አያባርርም። ከሱ አጠገብ አምስት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጇ ሩቂያ ተቀምጣለች፤ እሷም ክንዷ እንደ ሸምበቆ ነው። ጋሽ ሸምሱ ሰላምታውን አቀረበ፤ ወተቱን አስቀመጠ፤ ዞር አለ። ያን ያህል የሚያወራ ሰው አንድ ቃል አልጨመረም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜያለሁ። እግሬ እንደ አሁኑ አልቆም ብሎ እየተቁነጠነጠ።

በማንኪያ ሰጠችው። ትንሽ ዋጠ። አብዛኛው በአገጩ ወረደ።

ከዚያ ገባሁና መሬት ተቀመጥኩ። "የኔ ጥፋት ነው" አልኳት። "አሜን ባትዪም ወተቱ የሱ ነበር።"

"ሰፈራችን ወሬ ነበር" አለች ሳታየኝ። "ወተት እየሰጡ ያጠምቃሉ ይሉ ነበር። እኔ ውሸት ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ከባሌ ቤተሰብ ተጣልቼ። አንቺ ስትጠብቂኝ፣ እውነት ነው ለካ አልኩ።"

ሁለት ቀን እዚያው ከረምን። ኖራም መጣች፤ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብታ ሞከረች። ወደ ክሊኒኩ እንውሰደው ስትላት መርየማ እምቢ አለች፤ ኖራም አላስገደደቻትም። እኔ ውሃ እያፈላሁ፣ እየለካሁ፣ በየሰዓቱ ጠብ ጠብ አደረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ወተት በጥብጬ አላውቅም። ዘይት የሚባል ነገር ላዩ ላይ አልታየም። ከድር ሐሙስ ጠዋት ሞተ። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያሉት ቀናት ናቸው የገደሉት። ወንዶቹ በነጭ ጨርቅ ገንዘው ይዘውት ወጡ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ። ማንም ሂጂ አላለኝም። ማንም ቅረቢም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ላቆም ነበር። ኖራ "ማቆምሽ ለማን ይጠቅማል?" ብላ የከድርን ካርድ በእጄ ሰጠችኝና ቀኑንና "ሞተ" የሚለውን ራሴ እንድጽፍበት አደረገች። ጻፍኩት። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ጻፍኩት። ኖራ የደርግ ዘመን ሳያልቅ በሕመም ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እኔ እዚያው ጸጉሬ እስኪሸብት ሠራሁ። ጸሎት ቤታችንም ቆይቶ ተከፈተ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ምግብ ፊት ድምፅ አውጥቼ አልጸለይኩም። ሰው በልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ እየሄድኩ እጸልያለሁ። ተቀምጬ መጸለይም አቃተኝ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ የከድር ለቅሶ ካለፈ ያኔ ሁለት ሳምንት ሆኖት ይሆናል። ጠዋት ነው፤ እናቶቹ ተቀምጠዋል፤ ወተቱን አውርጃለሁ። ቀና ስል መርየማ በዳሱ በር ገባች። ሩቂያን በእጇ ይዛታለች። ማንንም ሳታይ ሄዳ በድሮ ቦታዋ፣ ምሰሶው ስር ተቀመጠች። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

ድስቱን ይዤ ከዳር ጀመርኩ። እሷ ጋ ስደርስ አልቆምኩም፤ ዓይኗንም አላየሁም፤ ቀድቼ ኩባያውን ሩቂያ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ መርየማ ኩባያውን ከልጇ ጋር ያዘች፤ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ "ቢስሚላሂ" አለች። ከዚያ ዓይኔን እያየች ጠበቀች፤ ምን እንደምል ልትሰማ።

ኩባያው ሞልቶ ነበር። ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለስኩ።

ሩቂያ ጠጣች። ጨረሰችና ኩባያውን መልሳ ዘረጋችልኝ።

"ቀስ" አልኳት በኦሮምኛ። "ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና።"

መርየማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰሌኑ ላይ አነጠፈች፤ ልጅቷን አስተኛችበት።

"እንቀመጣለን" አለችኝ።